«በ60 ቀን ሰውነት የሚቀይር» የቤት ውስጥ ስፖርት ልትገዙ ከሆነ ብር ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰሞኑን በቴሌግራምም በቲክቶክም አንድ አይነት ማስታወቂያ ነው የሚመጣው። ጂም አያስፈልግም፣ እቃ አያስፈልግም፣ ቤታችሁ ሆናችሁ በ60 ቀን ቦርጭ ድራሹ ይጠፋል፣ በመጀመሪያው ወር ብቻ 10 ኪሎ ትቀንሳላችሁ። ዋጋው 3,500 ብር። «ለውጥ ካላያችሁ ብራችሁ ይመለሳል» የሚለው ደግሞ በትልቁ ተጽፏል። እህቴ ገዝታው ነበር፣ እኔም ቪዲዮዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። አትግዙት።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። 1 ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ አለው። 10 ኪሎ 77,000 ይሆናል። ለ30 ቀን አካፍሉት፣ በቀን ከ2,500 ካሎሪ በላይ ነው። ብዙ ሴቶች ከጠዋት እስከ ማታ የሚበሉት እንኳ ይህን ያህል አይሞላም። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ብትዘሉና ላብ በላብ ብትሆኑ ደግሞ የምታቃጥሉት 300 ካሎሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ በስፖርቱ 10 ኪሎ ይቀንሳል የሚለው በምንም ስሌት አይመጣም። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ ትንሽ ቢወርድም አብዛኛው ውሃ ነው። ቦርጭን ለብቻው ለይቶ የሚያጠፋ እንቅስቃሴም የለም። ሲትአፕ የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል፣ ከላዩ ያለውን ስብ መርጦ አያወጣም።

ወደ ቪዲዮዎቹ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። ጥጉ ላይ ያለው አርማ በጭጋግ ተሸፍኗል። አሰልጣኙ አፉን የሚያንቀሳቅሰው በእንግሊዝኛ ነው፣ ከላዩ የአማርኛ ድምፅ ተለጥፎበታል። አሰራሩን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይለየዋል፦ እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ በዲቪዲ መሸጥ ከጀመረው ኢንሳኒቲ ከሚባል የስፖርት ፕሮግራም የተቆራረጠ ነው። ኢንሳኒቲ በጣም ከባድ ፕሮግራም ነው። ሦስት ደቂቃ ያህል ባለ በሌለ አቅም ትሰራላችሁ፣ 30 ሰከንድ ብቻ ታርፋላችሁ፣ ከዚያ እንደገና። ግን ያ ከባዱ ፕሮግራም እንኳ ሲጀመር አቅማችሁን የምትለኩበት ፈተና አለው፣ መሃል ላይም ሰውነት የሚያገግምበት ቀለል ያለ ሳምንት አለው። የኛዎቹ ሻጮች ሁለቱንም ቆርጠው አውጥተውታል። ፈተናው ቢኖር ብዙ ሰው «ይሄ ለኔ አይሆንም» ብሎ ይተወዋላ! የቀረው ዝላይና በርፒ (ወለል ላይ ወርዶ ተነስቶ መዝለል) ብቻ ነው፣ በየቀኑ፣ ለሁሉም እኩል። ዕድሜ የጠየቀ የለም። ክብደት፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ በቅርብ መውለድ፣ የቆየ የጉልበት ህመም፣ አንዱንም የጠየቀ የለም።

እህቴ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው። በባዶ እግሯ ትዘላለች፣ ምክንያቱም ቪዲዮው ስለ ጫማም ሆነ ስለ ምንጣፍ አንድ ቃል አይልም። ከታች ያሉት ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን እየመቱ «ኧረ ልጄ፣ ቤቱ ሊፈርስ ነው!» ይላሉ። በሁለተኛው ሳምንት ጉልበቷ አብጦ ደረጃ መውረድ አቃታት። ሐኪሙ እረፍት አዘዘላት።

ገንዘቤን መልሱ ስትል የዋስትናው ነገር ወጣ። በትልቁ የተጻፈውን ሁሉም ያነባል፣ ደንቡ ግን ከከፈላችሁ በኋላ በምትገቡበት ግሩፕ ውስጥ ነው ያለው። ብር የሚመለሰው 60ውንም ቀን አንድም ሳታስቀሩ ሰርታችሁ በየቀኑ ቪዲዮ ከላካችሁ ብቻ ነው። የተጎዳ ሰው አይጨርስም፣ ያልጨረሰ ሰው አይመለስለትም። የሐኪም ወረቀቷን ላከች። «ደንቡን አንብቢ እህት» የሚል መልስ መጣ፣ ማታውኑ ከግሩፑ አስወጧት።

አንድ ሌላ ነገር፣ በተለይ ለሴቶች። በየሳምንቱ የሰውነታችሁን ፎቶ በውስጥ ልብስ ላኩ ይላሉ፣ «ለውጡን ለመከታተል» እየተባለ። ማን እንደሚያየው፣ የት እንደሚቀመጥ አይነገርም። በምንም አይነት አትላኩ። ለውጥ ማየት ከፈለጋችሁ የልብስ ሰፊ ሜትር ገዝታችሁ ወገባችሁን ራሳችሁ ለኩ።

ከጉልበት የባሰ አደጋም አለ። ያልለመደ ጡንቻ በአንዴ ከአቅሙ በላይ ሲሰራ ሴሎቹ ሊፈርሱ ይችላሉ፣ ከውስጣቸው የሚወጣው ፕሮቲን ወደ ደም ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል። ሐኪሞች ራብዶማዮላይሲስ ይሉታል። ከባድ ስፖርት ሰርታችሁ ጡንቻችሁ ከተለመደው ውጪ ካመማችሁና ካበጠ፣ ሽንታችሁም እንደ ሻይ ወይም እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ ነገ ይሻለኛል አትበሉ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ። በፆም ሰዓት ምግብም ውሃም ሳትቀምሱ የምትሰሩ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ግሩፑ ውስጥ «ህመም ማለት ለውጥ ነው፣ እንዳታቆሙ» ነው የሚባለው፣ እኔን ከሁሉም ያናደደኝ ይሄ ነው።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁም በካርድ ስትከፍሉ «ነፃ ሙከራ» የሚለውን እዩት። ኢንሳኒቲን የሚሸጠው ቢችቦዲ ራሱ ደንበኞች በግልጽ ሳይስማሙ ክፍያቸውን እያደሰ ይቆርጥ ነበር ተብሎ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተከሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 3.6 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ትልቁ ኩባንያ እንዲህ ከተከሰሰ ስሙ የማይታወቅ የቴሌግራም ሻጭ ላይ ምን መተማመኛ አላችሁ?

ስፖርት ግን ስሩ፣ እሱን አትተዉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፣ ለምሳሌ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ በዚያ ላይ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያሰራ ነገር። ይሄ 3,500 ብር አይጠይቅም። ጠዋት ሰፈራችሁን በእግር ዙሩ፣ ቤት ውስጥ ወንበር ይዛችሁ ስኳት (ቁጭ ብድግ) ስሩ፣ ፑሽ አፕ ካቃታችሁ ግድግዳ ተደግፋችሁ ጀምሩ፣ ሳምንት በሳምንት ትንሽ ትንሽ ጨምሩ። ሕመም ያለባችሁ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። ከፍላችሁ መማር ከፈለጋችሁም ስለ ጤናችሁ ሳይጠይቅ ሂሳብ ቁጥር ለሚልክ ሰው አትክፈሉ፣ ገንዘብ የሚመለስበትንም ደንብ ከመክፈላችሁ በፊት በጽሁፍ አስልኩ።

የከፈላችሁ ካላችሁ ዝም አትበሉ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፣ ሻጭም ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ለንግድ ቢሮ አቤት ማለት ትችላላችሁ፣ ለዚያ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። የቴሌብር መልእክቱን አታጥፉ፣ የተቀባዩ ስምና የግብይት ቁጥሩ እዚያ ላይ ነው ያለው። ማስታወቂያውንና ደንቡን ደግሞ ከግሩፑ ሳያስወጧችሁ ዛሬውኑ ስክሪንሾት አንሱ።