ኮርፖሬት ፋይናንስ ወይስ ስትራቴጂክ ማኔጅመንት አካውንቲንግ?

ለማስተርስ የሚዘጋጁ የአካውንቲንግ ተማሪዎች በሁለቱ መካከል ሲወዛገቡ አያለሁ።

ኮርፖሬት ፋይናንስ ዋና ጉዳዩ ካፒታል ነው። ድርጅቱ ይበደር ወይስ አክሲዮን ይሽጥ? ትርፉን ያከፋፍል ወይስ መልሶ ሥራ ላይ ያውለው? እኛ አገር ይህ ለረጅም ጊዜ ከክፍል አይወጣም ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሲከፈት ግን ነገሩ ተቀየረ። አክሲዮን መተመን የሚችል ሰው አሁን የምር ይፈለጋል።

ስትራቴጂክ ማኔጅመንት አካውንቲንግ ደግሞ ወጪን ከደንበኛና ከተፎካካሪ ጋር አያይዞ ያያል። ቶዮታ የታወቀበትን የዒላማ ወጪ ስሌት እንውሰድ። ገበያው ለአንድ ጫማ 2,000 ብር ይከፍላል እንበል። የምትፈልጉት ትርፍ 400 ብር ከሆነ፣ ወጪው ከ1,600 ብር ማለፍ የለበትም። ስሌቱ ቀላል ነው። ከባዱ ዲዛይነሩን፣ ግዢ ክፍሉንና ፋብሪካውን በዚያ ቁጥር ማስማማት ነው። ይህን ደግሞ መጽሐፍ ብቻ አያስተምርም፤ ፋብሪካ ገብቶ ማየት ይጠይቃል።

ሒሳብ የሚቀናው፣ ባንክ ወይም ኢንቨስትመንት የሚያስብ ሰው የመጀመሪያውን ይያዝ። ለሌላው ግን ሁለተኛውን እመክራለሁ። አብዛኞቹ ድርጅቶቻችን አክሲዮናቸው ገበያ ላይ የለም። የምርታቸውን ትክክለኛ ወጪ ማወቅ ግን ሁሉም ይፈልጋሉ።