ላይዋ ፏ፣ ውስጧን ለቄስ፦ «ሙሉ ባትላሜራ የተሠራላት» ቮልስ ልትገዙ ላሰባችሁ

«ሙሉ ባትላሜራ የተሠራላት፣ የፎርኖ ቀለም፣ ምንም ወጪ የሌለባት።» ባትላሜራ የመኪናን አካል ብረት ቀጥቅጦና በይዶ ማደስ ነው፣ ሠሪውም በዚሁ ስም ይጠራል፤ ፎርኖ ደግሞ በሙቀት ክፍል የሚደርቅ ቀለም ነው። ቮልስ ፍለጋ ስልክ ስትነካኩ የምታመሹ ከሆነ ይህችን ማስታወቂያ ሳታነቧት አትቀሩም። እኔ ስሰማት ቀድሜ ኪሴን ነው የምይዘው።

ይህን የምጽፈው በተለይ አሮጌ ቮልስ ገዝታችሁ፣ ቅዳሜና እሁድ በገዛ እጃችሁ እየቀጠቀጣችሁ ለማደስ ላሰባችሁት ነው። ለእናንተ ከሁሉ የከፋው ግዢ ዝጋ ግቢ ውስጥ የቆመችዋ አይደለችም። ትናንት ተቀብታ የወጣችዋ ናት። የዛገችዋን ስትገዙ የምትገዙትን ታዩታላችሁ፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ ትከራከራላችሁ። የተቀባችዋ ላይ ግን መጀመሪያ ለቀለሙ ትከፍላላችሁ። ከዚያ ያንኑ የከፈላችሁበትን ቀለም ራሳችሁ ትልጣላችሁ። ከዚያ ከሥሩ ላለው ዝገት እንደገና ትከፍላላችሁ።

ገበያው ደግሞ ለዚህ ሥራ ተመቻችቷል። ተራዋ፣ ጣሪያዋ የማይከፈተው ቮልስ ጀርመን አገር መመረት ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚሸጡት አብዛኞቹ ግማሽ ምዕተ ዓመት ክረምት የወረደባቸው ናቸው። በዚያ ላይ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል፤ አገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና ሁሉ ሰው በሌላ ዓይን ማየት ጀምሯል። ዓመታት በሸራ ተሸፍና የኖረች ሁሉ ቀለም ተቀብታ ብቅ ትላለች።

የሰፈራችን አንድ ልጅ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ሐሳቡ እንደ እናንተው ነበር። ርካሽ፣ የዛገች ቮልስ ፈልጎ ላሜራውን ራሱ ሊሠራ። ደላላው «ወንድሜ፣ ምን አደከመህ፣ ያለቀላት እያለችልህ!» አለው። ያለቀላት የተባለችው ውሃ ሰማያዊ ናት። ፏ ብላለች። ምንጣፉ አዲስ፣ ጎማው አዲስ፣ ፓራውልቱ ፊት ያሳያል። ተከራክሮ ገዛት።

አንድ ክረምት አልጨረሰችም። ነሐሴ ላይ ከሾፌሩ በር ሥር ቀለሙ ውሃ መቋጠር ጀመረ። በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ስናደርገው ቀለሙ ከነስቱኮው፣ ማለትም ከቀለም በፊት ጎድጓዳውን ለማስተካከል ከሚቀባው ልስን ጋር፣ ተገንጥሎ ወደቀ። ውፍረቱ ጣት ያህላል። ገልበጥ አድርገን ስናየው ጀርባው ላይ የጋዜጣ ፊደል የግራ ቀኝ ተገልብጦ ታትሞበታል። ቀዳዳውን በጋዜጣ ወትፈው፣ ስቱኮውን በላዩ መርገው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው ቀብተውታል። ጣቴን ሰድጄ ላሜራውን ፈለግሁ። የለም።

ከበሩ ሥር ያለው ያ ክፍል ተራ ላሜራ እንዳይመስላችሁ። ውስጡ ክፍት የሆነ ሣጥን ነው። የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለሆነና በነፋስ ስለሚቀዘቅዝ፣ ሞቃቱ አየር በዚህ ሣጥን ውስጥ አልፎ ነው ወደ ፊት የሚሄደው፣ መስታወቱንም ከጭጋግ የሚያጠራው። መኪናዋን ቀጥ አድርጎ ከሚይዛት ብረት አንዱም እሱ ነው። የኛዋ ላይ ይህን ሣጥን ፎም ሞልተውበታል። ፎሙ ውሃ ጠጥቶ ከውስጥ ሲያበሰብሰው ከርሟል። ልጁ ክረምቱን ሙሉ መስታወቱን በእጁ እየጠረገ ሲነዳ «ሞተሩ ደክሞ ነው» ይል ነበር።

ምንጣፉን ስናነሳ ደግሞ ሌላ ጉድ። ምንጣፉ በማስቲሽ ጥብቅ ተደርጎ የተጣበቀው ለምን እንደሆነ ገባን። የወለሉ ላሜራ በልቶ አልቋል፤ በምትኩ የጣሪያ ቆርቆሮ ገብቶበታል። ሞገዱን ደብድበው ዘርግተውታል፣ መስመሩ ግን አልጠፋም። ብየዳ የለውም፣ ዙሪያውን በሪቬት ተይዟል። ከታች በኩል ትኩስ ሬንጅ ተለቅልቋል። የጣሪያ ቆርቆሮ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። የሾፌሩ ወንበር የሚሄድበት ሐዲድ አንደኛው ጎኑ እዚያ ላይ ነበር የታሰረው። ፍሬን አጥብቆ ቢይዝ ወንበሩ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ባትሪዋ ያለችው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። የሁሉም ቮልስ እንደዚያ ነው፤ አሲድ ስለሚንጠባጠብበት ወለሉ መጀመሪያ የሚበላውም እዚያ ጋ ነው። የኛዋ ባትሪ ጣውላ ላይ ተቀምጣለች፣ ክዳን የላትም። ከበላይዋ ያለው ወንበር የሽቦ ስፕሪንግ አለው። ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥበት ስፕሪንጉ የባትሪውን ሁለት ራስ ከነካ ወንበሩ ይቃጠላል። ይህ የቮልስ የታወቀ በሽታ ነው። ቮልስ ያላችሁ ሰዎች ዛሬውኑ ወንበሩን አንስታችሁ ክዳኑ መኖሩን እዩ።

ሻጩ ጋ ተደወለ። «አይተህ፣ ነድተህ ነው የገዛኸው» አለ። ውሉም የሚለው «ባለችበት ሁኔታ» ነው። ደላላው ስልክ አያነሳም።

በነገራችን ላይ ስቱኮ ላይ ቂም የለኝም። ላሜራው በመዶሻ በደንብ ከተስተካከለ በኋላ፣ ንጹሕ ብረት ላይ፣ ከ3 ሚሊሜትር ሳያልፍ የሚቀባ ስቱኮ ምንም አይልም። ጥሩ ባትላሜራም ይጠቀምበታል። ነገሩ የሚበላሸው ዝገት ላይ ሲለጠፍና ቀዳዳ መድፈኛ ሲሆን ነው። ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል። በጀርባው ቀለም ስለሌለው እርጥበቱ ከውስጥ ይገባና እዚያው ይቀራል፤ ዝገቱ በስቱኮውና በብረቱ መካከል ሥራውን ይቀጥላል። በጋ ላይ የተቀባች መኪና በጋውን ሙሉ ታምራለች። ለዚህ ነው ሻጮቹ ከሰኔ በፊት ለመሸጥ የሚቸኩሉት የሚመስለኝ።

ልትገዙ ስትሄዱ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ። ጣሪያው ላይ አትልፉ፣ ጣሪያ ሁልጊዜ ደህና ነው፤ ሻጩም «ይኸው ሞክር» ብሎ የሚያሳያችሁ እዚያ ነው። ማግኔቱን ከበሮቹ ሥር፣ ከኋላ ጎማዎች ፊት ለፊት፣ በፊት መብራቶቹ ዙሪያና በበሮቹ የታችኛው ጠርዝ አስኪዱ። መያዙን ካላላ ወይም ጨርሶ ከወደቀ ወፍራም ስቱኮ አለ። በጣት አንጓም አንኳኩ። ባዶ ላሜራ ይጮሃል፣ ስቱኮ ያለበት ድምፁ ይታፈናል። የፊት ኮፈኑን ክፈቱና ትርፍ ጎማውን አውጥታችሁ ከሥሩ ያለውን ጉድጓድ እዩ፤ ውሃ የሚተኛው እዚያ ነው።

ሌላ ሰው ብዙም የማያየው ነገር አለ። የቮልስ አራቱም ፓራፋንጎዎች (ጎማዎቹን ከላይ የሚሸፍኑት ላሜራዎች) በብሎን ነው የሚታሰሩት፣ በፓራፋንጎውና በአካሉ መካከልም ቀጭን የጎማ ክር አለ። ባትላሜራ በትክክል ከተሠራ ፓራፋንጎው ወልቆ፣ ተቀብቶ፣ አዲስ ክር ገብቶለት ይታሰራል። ክሩ ላይ የመኪናው ቀለም ተረጭቶበት ካያችሁ፣ ወይም ክሩ ጠፍቶ መገጣጠሚያው በስቱኮ ከተደፈነ፣ ፓራፋንጎው አልወለቀም። እሱን ያላወለቀ ሰው ወለሉን አንስቶ ሠርቷል ብላችሁ አትመኑ።

ከታች ትኩስ ሬንጅ ካያችሁ ጠርጥሩ። ፈቃድ ጠይቃችሁ በካቻቢቴ ጫን በሉት። ከዚያ ክሪኩን በጎን በኩል ባለው መደበኛ ቦታው አስገብታችሁ በቀስታ አንሱ። ብረቱ ሲንኮታኮት ከሰማችሁ፣ ወይም መኪናዋ ከፍ ስትል በሩ አልከፈት ካለ፣ ሣጥኑ አልቋል። ክሪክ ላይ ባለች መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ፤ የበሰበሰ የክሪክ ቦታ ሳይታሰብ ይለቃል።

የሻንሲ ቁጥሩን አትርሱ። ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሐል ለመሐል በሚሄደው የወለሉ አከርካሪ ላይ ተመትቷል። የቮልስ አካል ወለሉ ላይ በብሎን ስለሚታሰር፣ አካሉ የአንዷ፣ ወለሉ የሌላዋ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ሻጩ ስለ ዘመኗ የሚያወራውንም በዚያው ታረጋግጣላችሁ፦ እ.ኤ.አ. ከ1965 ሞዴል ጀምሮ የቁጥሩ 3ኛ አኃዝ የሞዴሉን ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ይነግራችኋል። በ117 የሚጀምር የ1967 ሞዴል ነው። «የ63 ናት፣ ብርቅ ናት» እያለ ዋጋ የሚጨምርባችሁ ካለ ወንበሩን አንስታችሁ አንብቡለት። ቁጥሩ ተፍቆ ወይም በላዩ ተበይዶበት ካገኛችሁ ግን ዋጋ ለመከራከር እንኳ አትቁሙ። ስም ዝውውር ላይ የምትያዙት እናንተ ናችሁ።

አሁን ራሳችሁ ስለምትሠሩት ሥራ ጥቂት ልበል፤ እዚህም የሚበላ ገንዘብ አለ። የወለሉን ግራና ቀኝ መቀየር ትዕግሥት ላለው ሰው የሚቻል ሥራ ነው። ፓራፋንጎ ማውለቅና ማቅናትም እንደዚያው። ለመስኮትና ለበር ብረት የሚያገለግለውን የኤሌክትሮድ ብየዳ ግን የአካል ላሜራ ላይ አትሞክሩት። ላሜራው ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው፣ ወዲያው ይበሳል። በሽቦ የሚሠራ የጋዝ ብየዳ ማሽን (ሚግ የሚባለውን) ተከራዩ ወይም የሚሠራበትን ሰው በቀን ቅጠሩ። ነጥብ ነጥብ እያደረጋችሁ፣ ቦታ እየቀያየራችሁ፣ እንዲቀዘቅዝ እየጠበቃችሁ በይዱ። በአንድ ትንፋሽ የተበየደ ላሜራ ይጣመማል። ከበሩ ሥር ያለውን ሣጥን ከመቁረጣችሁ በፊት የበሩን ክፍተት በብረት ቱቦ ወጥሩት። አለዚያ አካሉ ይቀመጥና በሩ ዳግመኛ አይገጥምም።

ነዳጅ ታንከሩ ከፊት ኮፈን ሥር ነው። ከፊት በኩል ልትበይዱ ከሆነ ታንከሩ ከግቢው ይውጣ። ባትሪውም ይነቀል። የጣሪያ ቆርቆሮ አትበይዱ፤ ዚንክ የተቀባ ስለሆነ ጭሱ ማታውን ያንቀጠቅጣል፣ ትኩሳት ያመጣል። «ወተት ጠጣበት» የሚሏችሁ አይጠፉም። ወተት ሳንባ ውስጥ አይገባም። የመጨረሻውን የፎርኖ ቀለም ደግሞ ለባለሙያ ተዉት፤ ማጠንከሪያ ያለው ቀለም በተራ የአቧራ ማስክ አይረጭም።

ከፊሉን ሥራ ለባትላሜራ የምትሰጡ ከሆነ በቁርጥ ተዋውላችሁ ግማሹን ገንዘብ ቅድሚያ አትስጡ። ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ መኪናችሁ ከኋላ ጥግ ተገፍታ አቧራ ትጠጣለች፣ ወይም ቶሎ ለመገላገል ያው ስቱኮ ይመጣል። ደረጃ በደረጃ ክፈሉ። ውሉ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ባለቤቱ ባዶውን ብረት ሳያይ ስቱኮ አይቀባም። ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይቀየማችሁም። እንዲያውም «ና እይልኝ» የሚለው እሱ ነው።

ሻጩንም የምትጠይቁት ይህንኑ ነው። የእውነት ላሜራዋ ተቀይሮ የተበየደ ከሆነ፣ ያን ያህል ገንዘብ ያወጣ ሰው ስልኩ ላይ ቢያንስ ጥቂት ፎቶ አይጠፋውም። የተቆረጠው ወለል፣ አዲሱ ላሜራ፣ ቀለም ያልነካው ብየዳ። ይህን ካሳያችሁ፣ ምንጣፉን ለማንሳትና ክሪክ ለመስቀል ከፈቀደላችሁ፣ ቀለሟን ከዋጋው ጋር ቁጠሩላት። ካልፈቀደ ወይ ተዉአት፣ ወይ ደግሞ ቀለሙን ዜሮ ብላችሁ፣ በዛገች ቮልስ ዋጋ ጀምሩ። «አይ፣ በዚህ ዋጋማ!» ብሎ ሲቆጣ ሰላም ብላችሁት ሂዱ።