74 ከመቶ ወይስ «መለካት ላይ ገና ነው»?

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሰፈር ሰኔ ሲደርስ ልጆች ካርድ ይዘው ይገባሉ። ሳይንስ 74፣ ደረጃ 12ኛ። አለቀ።

ቁጥር ጥቅም አለው። መምህሩ ቶሎ ይሞላዋል፤ ወረዳውም ትምህርት ቤቶቹን ያነጻጽርበታል። ግን 74 ውስጥ ምን አለ? አንዱ ልጅ የብርሃን አስተጻምሮን (ተክል በብርሃን ምግቡን የሚሠራበትን ሂደት) ትርጉም ሸምድዷል። ባቄላ በሁለት ጣሳ ዘርቶ፣ አንዱን ጨለማ ውስጥ አስቀምጦ፣ ልዩነቱን መዝግቦ ማስረዳት ግን አይችልም። ሌላዋ የዚህ ተቃራኒ ናት። ካርዱ ላይ ግን ሁለቱም እኩል ናቸው! ይሄ ያንገበግበኛል።

ሁለተኛው መንገድ ውጤቱን በችሎታ ይከፍላል፦ መመልከት፣ መለካት፣ ማስረዳት። ለየአንዳንዱ «ገና ነው»፣ «እየደረሰ ነው»፣ «ችሏል» ይባላል። አድካሚ ነው። መስፈርቱ ግልጽ ካልሆነም መምህሩ እንደመሰለው ይሞላዋል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን አስገብቷል፤ በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ተከታታይ ፈተና ሆኖ ቀርቷል።

ወረዳው እኔን ቢጠይቀኝ ቁጥሩን አላስወጣም፤ 8ኛ ክፍል ላይ የሚኒስትሪ ፈተና አለ። ደረጃውን ግን አውጥቼ ሦስቱን መስመሮች አስገባ ነበር። እናት «መለካት ላይ ገና ነው» የሚለውን ካነበበች፣ ማታ ሽሮ ስትሠራ ውሃውን ልጇ እንዲለካላት ትጠራዋለች።