በጎማ የሚጣበቀውን የሻወር ቤት መያዣ ለወላጆቻችሁ አትግዙ

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት ከሻወር ስትወጣ አዳለጣትና ወደቀች። ጭንቅላቷን የበሩ ጠርዝ መታት፣ ግን አልደማችም። «ደህና ነኝ፣ አታካብዱ» አለችን፤ እኛም ተውነው። ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ እንቅልፍ አበዛች። ስማችንን ታምታታ ጀመር። አንድ ጠዋት የሹራቧን ቁልፎች አዛንፋ ቆልፋ አየኋትና እርጅና ነው ብዬ አለፍኩ። እስከዛሬ ይቆጨኛል። ሲቲ ስካን ስትነሳ ከራስ ቅሏ ሥር ደም ተጠራቅሞ ተገኘ። ሐኪሟ እንዳስረዱን ዕድሜ ሲገፋ አንጎል መጠኑ ይቀንሳል፣ ከላዩ ያሉት ቀጫጭን ደም ሥሮች ይወጠራሉ፣ ቀላል ምት እንኳ ይበጥሳቸውና ደሙ ለቀናት ለሳምንታት ቀስ እያለ ይጠራቀማል። እሷ ደግሞ የደም ማቅጠኛ፣ ማለትም ደም ቶሎ እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ትወስዳለች። በቀዶ ሕክምና ወጣላት፣ ተመስገን ዳነች።

ሻወር ቤት ውስጥ እንዳትወድቅ በእጇ የምትደገፍበትን መያዣ የገዛሁት ያኔ ነው። ግድግዳ መብሳት አያስፈልገውም። ሁለት ጎማ አለው፤ ሴራሚኩ ላይ ትጫኑትና ማጠፊያውን ስትመልሱት አየሩ ተመጥጦ ይጣበቃል። ጠብቆ ሲይዝ አረንጓዴ፣ ሲላላ ቀይ ያሳያል። ደስ ብሎኝ ነበር።

ዘጠኝ ቀን ሠራ። በአሥረኛው ቀን ፎጣ ይዤ በር ላይ ስጠብቃት «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስገባ መያዣው ተነቅሎ እጇ ላይ ቀርቷል። በሌላ እጇ የእጅ መታጠቢያውን ይዛ ስለነበር ተረፈች። ጠዋት ላይ ምልክቱ አረንጓዴ ነበር፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎማው የሚይዘው ፍጹም ልሙጥ በሆነ ነገር ላይ ብቻ ነው። ጫፉ ሁለት ሴራሚክ የሚገናኝበት መስመር ላይ ካረፈ አየር ይገባል፤ የሳሙና ቅሪት ካለማ በቃ። ካርቶኑ ሥር በደቃቅ ፊደል «ሙሉ የሰውነት ክብደት አይሸከምም» ይላል። የሚወድቅ ሰው ታዲያ በግማሽ ክብደቱ ነው እንዴ የሚይዘው? የዓለም ጤና ድርጅት በመውደቅ ሳቢያ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰው እንደሚሞት ይገምታል፤ በብዛት የሚሞቱትም ከ60 ዓመት በላይ ያሉት ናቸው። ያ ጽሑፍ ካርቶኑ ፊት ላይ በትልቁ መጻፍ ነበረበት። ከ5 ኮከብ 1 ሰጥቼዋለሁ።

አሁን ያስገባነው በብሎን የሚታሰር የብረት መያዣ ነው። ባለሙያ በድሪል በስቶ በፊሸር (ብሎኑን ግድግዳው ውስጥ አጥብቆ በሚይዘው ፕላስቲክ) አሰረው። ራሴ ተንጠልጥዬበት ሞከርኩት፣ ንቅንቅ አላለም። ከአልጋዋ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ደግሞ ሰው ሲያልፍ በራሳቸው የሚበሩ ትንንሽ መብራቶች አደረግን። እሷ የወደደችው እነሱን ነው። ማታ ስትነቃ ቶሎ አትቆምም፤ ብድግ ሲሉ ግፊት ወርዶ ስለሚያዞር አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ቁጭ ትላለች፣ ከዚያ ወለሉ ላይ እግሯን ስታሳርፍ መብራቱ ይበራላታል።

የጎማውን መያዣ የገጠማችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ንቀሉት። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ አረጋዊ ወድቆ ጭንቅላቱን ከተመታም፣ ደህና ነኝ ቢላችሁም በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዱት።