ክፍት ሄድፎን ወይስ ዝግ?

ጥሩ ሄድፎን ለመግዛት ብር ያጠራቀመ ሰው ከብራንዱ በፊት አንድ ነገር ይወስን፦ ጀርባው፣ ማለትም የጆሮ ሽፋኑ የውጭ በኩል፣ ድምፅ የሚያሳልፍ ክፍት ይሁን ወይስ ዝግ? የሁለት የጀርመን ኩባንያዎችን ሥራዎች እንይ፤ ክፍቱን ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 እና ዝጉን ባየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ።

ድምፅ፦ እኔ ለክፍቱ አደላለሁ። ድምፁ አይታፈንም። ክራሩ፣ ማሲንቆው፣ የዘፋኙ ትንፋሽ ሳይቀር ለየብቻው ይሰማል። የዝጉ ቤዝ (ወፍራሙ ድምፅ) ይበረታል፤ ከበሮ ለሚወድ ደስ ይላል።

ጫጫታ፦ ክፍቱ የውጭውን ያስገባል፣ የእናንተንም ሙዚቃ አጠገባችሁ ላለ ሰው ያሰማል። ዝጉ ሁለቱንም ይቀንሳል።

ማጣመር፦ የክፍቱ የኤሌክትሪክ መቋቋም (በኦም ይለካል) 300 ኦም፣ ከፍተኛ ስለሆነ በስልክ ብቻ አቅሙን አያወጣም። የአምፕሊፋየሩን (የድምፅ ማጉያ መሣሪያውን) ወጪ አብራችሁ አስሉ። ዝጉ ባለ 32፣ 80 እና 250 ኦም አለው፤ ባለ 32ቱ ስልክ ይበቃዋል።

አቀማመጥ፦ ክፍቱን አቧራ ይጎዳዋል፤ ሰምታችሁ ስትጨርሱ ሳጥኑ ውስጥ መልሱት። ገመዱ ግን ይነቀላል፣ ሲበላሽ ይቀየራል። የዝጉ ገመድ አይነቀልም፤ አጥብቃችሁ አትጠቅልሉት።

ጸጥ ያለ ክፍል ካላችሁና ቁጭ ብላችሁ የምታዳምጡ ከሆነ ክፍቱ ይሻላል። ክፍል ለሚጋራ፣ ቢሮ ለሚያዳምጥ ወይም ድምፅ ለሚቀርጽ ዝጉ።