ጊዮርጊስ ግቢ ወይስ ታክሲ ውስጥ መተንፈስ?

የመሀል ከተማው ጫጫታ ሲያሰለቸን ሁለት መላ አለን። አንዱ ፒያሳ ጊዮርጊስ ግቢ ገብቶ ዛፍ ጥላ ሥር መቀመጥ ነው። በሩን አልፈው ትንሽ ሲገቡ የክላክሱ ድምፅ ይርቃል። ነጠላ የለበሱ እናቶች ግንቡን ተደግፈው በለሆሳስ ይጸልያሉ። ትከሻ ሳይታዘዝ ይላላል። ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ማን ይደርሳል?

ሁለተኛው ባሉበት ሆኖ በዝግታ መተንፈስ ነው። አራት ኪሎ ላይ መንገድ ተዘጋግቶ፣ ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ!" እያለ፣ አየሩን በአፍንጫ ስቦ ከሳቡት ረዘም አድርጎ ማስወጣት። ሲያስወጡ የልብ ምት ዝግ ይላል። ጫጫታውን አያጠፋውም። እኔ ግን ይሄኛውን እመርጣለሁ፤ መንገዱ መቼ እንደሚዘጋ አይታወቅማ።