ስምንት ወር ጣና ላይ፦ የጀልባዬ አምፕሊፋየርና ያ «ጢዝዝ» የሚል ድምፅ

ባለፈው ታኅሣሥ ለጀልባዬ ባለ 4 ቻናል የመኪና አምፕሊፋየር (የድምፅ ማጉያ፣ ባጭሩ አምፕ) ገዛሁ። ጀልባዋ 12 ሰው የምትይዝ የፋይበር ጀልባ ናት፤ ከባሕር ዳር ዜጌ ሰው አመላልስባታለሁ። ሞተሯ 40 የፈረስ ጉልበት ነው። ከአምፑ ጋር 4 ስፒከር፣ ብሉቱዝና ፍላሽ የሚያነብ ቴፕ፣ ለአስጎብኚ የሚሆን ማይክ ተገጠመ። አምፑ ብቻውን የአራት ቀን የዜጌ ምልልስ ገቢዬን ወሰደ።

ወደቡ ላይ ሞተር ሳይነሳ ስንሞክረው ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ሞተሩን ሳስነሳ ግን ከመዝሙሩ ሥር «ጢዝዝ» የሚል ነገር ገባ። ነዳጅ ስጨምር እየቀጠነ ይወጣል፤ ስቀንስ ይወርዳል። ከደብረ ማርቆስ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ለመሳለም የመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ዙሪያቸውን አዩና «ልጄ፣ ጀልባው ውስጥ ንብ ገብቷል መሰል» አሉኝ። ተሳፋሪ እንዲህ ካለ ነገሩ የእኔ ጆሮ ችግር አይደለም ማለት ነው።

የሸጠልኝ ሰው «ማጣሪያ አስገባበት» አለኝ፤ ገዛሁ። በቴፑና በአምፑ መሀል የሚገባ ትንሽ ሳጥን ነው፤ ውስጡ ትንንሽ ትራንስፎርመሮች አሉት። እውነት ለመናገር ጢዝታው ጠፋ። ግን የከበሮው ጉልበትም አብሮ ሄደ። መዝሙር ላይ ያ «ድም» ብሎ ደረት የሚመታው ወፍራም ድምፅ ቀርቶ ቆርቆሮ የሚደበድቡ መሰለ። ርካሽ ትራንስፎርመር ወፍራም ድምፅ በደንብ አያሳልፍም። እንዲያም ሆኖ ሁለት ወር ያህል በዚያው ሠራሁ። አሁን ሳስበው ይቆጨኛል፤ በጥምቀት ሰሞን ስንት ሰው ነው ያጓጓዝኩት።

የካቲት መጨረሻ ላይ ኤሌክትሪክ የተማረው የእህቴ ልጅ መጣ። «አጎቴ፣ መጀመሪያ ድምፁ በየት በኩል እንደሚገባ እንወቅ» አለ። ማጣሪያውን አወጣው። ሞተሩ እየሠራ ከቴፑ ድምፅ የሚያመጣውን ቀይና ነጭ ጃክ ከአምፑ ነቀለው። ጸጥ! አምፑ ንጹሕ ነው ማለት ነው። ጃኩ ተነቅሎም ቢጮህ ኖሮ ችግሩ ከአምፑ ወይም ከኃይል ገመዱ ነበር። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሙከራ ነው። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህንን ሞክሩ።

ቀጥሎ ቮልት የሚለካበትን ቴስተር አወጣ። አንዱን ጫፍ አምፑ ነጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ነጌቲቭ ላይ አደረገ። ሁለቱም ነጌቲቭ ስለሆኑ ዜሮ አካባቢ ማንበብ ነበረበት። 0.4 ቮልት አነበበ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። አምፑ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ፣ የገጠመልኝ ባለሙያ ነጌቲቩን እዚያው አጠገብ ካገኘው የሞተር ብሎን ጋር አሰረው። የቴፑ ነጌቲቭ ደግሞ ቀጥታ ባትሪው ላይ ነው። መኪና ላይ ለሠራ ሰው ይህ የተለመደ ነው፤ የመኪና ቦዲ ራሱ ነጌቲቭ ነውና። ፋይበር ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ሞተሩን ከባትሪው ነጌቲቭ ጋር የሚያገናኘው ያው አንድ ገመድ ብቻ ነው። ሞተሩ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ በዳዮድ ተስተካክሎ ወደ ባትሪ ይሂድ እንጂ ፍጹም ለጥ ያለ አይሆንም፤ ውስጡ ትንሽ ሞገድ ይቀራል። ሞተሩ ሲፈጥን ሞገዱም ይፈጥናል፤ ጢዝታው ከነዳጁ ጋር የሚቀጥነው ለዚህ ነው። አምፑ የገመዱ አንደኛው ጫፍ ላይ፣ ቴፑ ሌላኛው ጫፍ ላይ ስለታሰሩ፣ በመሀል ያለው የቮልት ልዩነት በጃኩ በኩል ይገባል። አምፑም እንደ መዝሙሩ ያጎላዋል።

በዚያ ላይ የባትሪውን ማሰሪያ ስንፈታው መዳቡ ላይ አረንጓዴ ነገር ተጋግሮበታል። ጣና ጨው ባይኖረውም እርጥበቱ መዳብ ይበላል። መጀመሪያ የቤንዚን ሽታ እስኪወጣ ክዳኑን ከፍተን ቆየን። ከዚያ ማሰሪያውን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግነው። ለአምፑ ባለ 16 ካሬ ሚሊሜትር ወፍራም ገመድ ቀጥታ ከባትሪው ነጌቲቭ ሳብንለት፤ የቴፑንም እዚያው አሰርነው። በላዩ ቫዝሊን ቀባንበት። ፖዘቲቩ ላይ ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ ፊውዝ አስገባን። ቴስተሩ 0.03 አነበበ። ሞተሩን አስነሳሁ፤ ነዳጅ ሰጠሁት። መዝሙሩ ብቻ ነው የሚሰማው። ከበሮው ተመለሰ! የእህቴን ልጅ ግንባሩን ሳምኩት።

በሳምንቱ ሌላ ጩኸት መጣ። ይሄኛው ሞተር ጠፍቶም አለ። አስጎብኚው ስልኩን ቻርጅ እያደረገ በገመድ ዘፈን ሲከፍት ነው። ርካሽ የጀልባና የመኪና ቻርጀር ውስጥ በጣም በፍጥነት የሚበራና የሚጠፋ ሰርኪዩት አለ፤ ጩኸቱ በስልኩ ገመድ በኩል ይገባል። ቻርጀሩ ሲነቀል ይጠፋል። አሁን ቻርጅ ላይ ያለ ስልክ በብሉቱዝ ብቻ ነው የሚከፈተው። ገመድ ከሌለ መግቢያ የለውም።

ወደ አምፑ ልመለስ። ካርቶኑ ላይ 1000 ዋት ይላል። ጎኑ ላይ ያለው ፊውዝ ግን 30 አምፔር ነው። ሞተር ሲሠራ የማገኘው 14 ቮልት ስለሆነ ቢበዛ 420 ዋት ይስባል፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ካርቶኑን አትመኑ፤ ፊውዙን እዩ። ለ12 ሰው ጀልባ ግን ድምፁ ከበቂ በላይ ነው። ሚያዝያ ላይ በቀትር ሁለቴ ሞቆ ራሱን አጥፍቷል። ከወንበሩ ሥር አየር የሚገባበት ቀዳዳ ካበጀሁለት ወዲህ አልደገመውም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳና ማዕበሉ ሲረጭ ግን እሰጋለታለሁ፤ ለውሃ የተሠራ ዕቃ አይደለም። እንደገና ብገዛ ይህንኑ እገዛለሁ፤ ማጣሪያውን ግን አልገዛም።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ የውሃ መምጠጫው ፓምፕ ሲነሳ ስፒከሩ ላይ «ጨርር» ይላል። የፓምፑ ገመድ ከጃኩ ገመድ ጋር በአንድ ናስትሮ ታስሮ ነው የሚሄደው። ተሳፋሪ ከመብዛቱ በፊት፣ ነሐሴ ሳይወጣ፣ አንዱን በግራ ሌላውን በቀኝ አስኬዳቸዋለሁ።